የፓይተን ፈንክሽኖች የሚወስዱት የፕሮሰሰር ጊዜ እንዴት ይለካል?

አንድ ስክሪፕት ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው የሚያደርገው ኮዱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ከባድ የመሰለውን ፈንክሽን መርጦ እንደገና መጻፍ ነው። ይህ አካሄድ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ ምክንያቱም ለዓይን ረጅምና ውስብስብ የሚመስለው ፈንክሽን አንዴ ተጠርቶ የሚያበቃ ሊሆን ሲችል፣ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ደግሞ በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ እየተጠራ የፕሮሰሰሩን ጉልበት ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ከማሻሻል በፊት መለካት ይቀድማል። ከመለካትም የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የትኛውን ዓይነት ጊዜ መለካት እንደፈለጉ መወሰን ነው። ይህ መመሪያ ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ለዚህ ውሳኔ ነው፤ በሰዓት ምርጫው የተሳሳተ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰበስበው ቁጥር የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን የሌላ ጥያቄ መልስ ይሆንበታልና።

መመሪያው የተዘጋጀው ለፓይተን 3.8 እና ከዚያ በኋላ ለወጡ ቅጂዎች ነው። ለማሳያነት አንድ ስክሪፕት እንያዝ። ስክሪፕቱ የሰርቨር መዝገብ ፋይል ያነባል፤ በየመስመሩ ያለውን ቀን ይተረጉማል፤ የተደጋገሙ መስመሮችን ይለያል፤ በመጨረሻም ውጤቱን በኔትወርክ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልካል። እነዚህን አራት ሥራዎች የሚሠሩትን ፈንክሽኖች ፋይል_አንብብ፣ ቀን_ተርጉም፣ ድግግሞሽ_ለይ እና ውጤት_ላክ ብለን እንጥራቸው፤ ፓይተን ከቅጂ 3.0 ጀምሮ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፈንክሽን ስም ስለሚቀበል ስሞቹ እንዳሉ ቢጻፉም ይሠራሉ። የፓይተን የራሱ የሆኑትንና እዚህ በሁለት ወይም በሦስት ቃል ተለያይተው የሚቀርቡትን እንደ ፕሮሰስ ታይም ያሉ የፈንክሽን ስሞች ግን በኮዱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በታችኛ ሰረዝ አያይዘው ይጻፉ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን መምረጥ

ያለፈ ጊዜ ማለት ፈንክሽኑ ከጀመረበት ቅጽበት እስከጨረሰበት ቅጽበት ያለው ሙሉ ርዝመት ነው። ፈንክሽኑ ከዲስክ መረጃ እስኪደርሰው ቢጠብቅ፣ ከኔትወርክ መልስ እስኪመጣ ቢያንቀላፋ፣ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰሰሩን ለጊዜው ለሌላ ፕሮግራም ቢሰጥበት ይህ ሁሉ ይቆጠርበታል። የፕሮሰሰር ጊዜ ግን ፕሮሰሰሩ የእርስዎን ፕሮግራም በእርግጥ ሲያስኬድ የቆየበት ጊዜ ብቻ ነው። እርሱም ሁለት ክፍል አለው፦ አንደኛው የፕሮግራሙ ኮድ ራሱ የሚሠራበት የተጠቃሚ ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል በፕሮግራሙ ጥያቄ፣ ለምሳሌ ፋይል ሲከፍትለት ወይም ሜሞሪ ሲመድብለት፣ የሚሠራበት የሲስተም ጊዜ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን ያህል እንደሚያስኬድ በማሳያችን ማየት ይቻላል። ውጤት_ላክ 3 ሰከንድ ቆይቶ ከዚያ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሠራው 10 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው እንበል። ያን ፈንክሽን ምንም ያህል ብናሳጥረው፣ ብናስተካክለው፣ የቀረው 2.99 ሰከንድ መጠበቅ ስለሆነ ፕሮግራሙ አይፈጥንም፤ መፍትሔው ብዙ መልእክቶችን በአንድ ላይ መላክ ወይም በጥበቃው ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት ነው። በአንጻሩ ድግግሞሽ_ለይ 3 ሰከንድ ያለፈ ጊዜ ወስዶ 2.95 ሰከንዱ የፕሮሰሰር ጊዜ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ስለሆነ እንደገና መጻፍ ያለበት ኮዱ ነው። ሁለቱ ፈንክሽኖች በ«ያለፈ ጊዜ» ብቻ ቢለኩ እኩል ጥፋተኛ መስለው ይቀርባሉ።

ታይም የተባለው የፓይተን ሞጁል ለዚህ የሚያገለግሉ በርካታ ሰዓቶችን ይዟል። በሞጁሉ ስም የሚጠራው ታይም የቀን መቁጠሪያ ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኔትወርክ ሲያስተካክል ወደፊትም ወደኋላም ሊዘል ስለሚችል ለልኬት መዋል የለበትም። ፐርፍ ካውንተር ያለፈ ጊዜን የሚለካ፣ ወደኋላ የማይመለስና ጥቃቅን ልዩነት የሚለይ ሰዓት ነው። ፕሮሰስ ታይም የጠቅላላውን ፕሮሰስ የተጠቃሚና የሲስተም ጊዜ ደምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ያንቀላፋበትን ጊዜ አይቆጥርም። ከቅጂ 3.7 ጀምሮ የተጨመረው ትሬድ ታይም ደግሞ የሚቆጥረው የጠራውን ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ በራሱ መስመር የሚሄድ ሥራ) የፕሮሰሰር ጊዜ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የሚሰጡት ቁጥር መነሻው የማይታወቅ ስለሆነ ትርጉም የሚኖረው በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው።

በቆዩ ጽሑፎችና ኮዶች ውስጥ ክሎክ የሚባል ፈንክሽን ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ፈንክሽን በዩኒክስ ዘር ሲስተሞች ላይ የፕሮሰሰር ጊዜን፣ በዊንዶውስ ላይ ግን ያለፈ ጊዜን ይመልስ ነበር፤ አንድ ስክሪፕት በሁለት ማሽኖች ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይለካ ነበር ማለት ነው። በ2012 በወጣው ቅጂ 3.3 ላይ ፐርፍ ካውንተርና ፕሮሰስ ታይም ተጨምረው ክሎክ እንዳይሠራበት ተመከረ፤ በ2019 በወጣው ቅጂ 3.8 ላይም ጨርሶ ተወገደ። እንዲህ ያለ ኮድ ካጋጠመዎት በየትኛው እንደሚተካ የሚወሰነው ጸሐፊው ሊለካ በፈለገው ነገር ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ስሙን መቀየር አይበቃም።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ራሱን መፈተሽ

ወደ እውነተኛው ሥራ ከመግባትዎ በፊት በኮምፒውተርዎ ላይ አጭር ሙከራ ያድርጉ። የፐርፍ ካውንተርንና የፕሮሰስ ታይምን ንባብ በሁለት ተለዋዋጮች ይያዙ፤ ከታይም ሞጁል ስሊፕን በ2 ሰከንድ ይጥሩ፤ ከዚያ ሁለቱን ሰዓቶች እንደገና አንብበው ልዩነቱን ያትሙ። ፐርፍ ካውንተር ከ2 ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ፣ ፕሮሰስ ታይም ደግሞ ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። ቀጥሎ በስሊፕ ፈንታ ከ1 እስከ 20 ሚሊዮን ያሉትን ቁጥሮች በሉፕ የሚደምር ኮድ ያስገቡ፤ አሁን ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ይሆናሉ። ይህን ውጤት በዓይኑ ያየ ሰው በኋላ የሚያገኛቸውን ቁጥሮች ለማንበብ አይቸገርም።

በዚያው አጋጣሚ ሰዓቱ ምን ያህል ጥቃቅን ጊዜ መለየት እንደሚችል ይመልከቱ። ጌት ክሎክ ኢንፎ የሚባለው ፈንክሽን የሰዓቱ ስም ሲሰጠው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የትኛው አገልግሎት እንደተወሰደና የተመዘገበው ልከት፣ ማለትም ሰዓቱ የሚለየው ትንሹ ጊዜ፣ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። በሊነክስ ላይ የፕሮሰሰር ጊዜ በናኖ ሰከንድ ደረጃ ይነበባል። በዊንዶውስ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተመዘገበው ልከት ጥቃቅን ቢመስልም የፕሮሰሰር ጊዜ ቆጠራው በተግባር የሚታደሰው በሰከንድ 64 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በ15.6 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ነው። በዚህ የተነሳ 5 ሚሊ ሰከንድ የሚወስድ ፈንክሽን አንዴ 0፣ አንዴ 15.6 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ስህተቱን ከመቶ አንድ በታች ለማድረግ ጠቅላላ ልኬቱ ቢያንስ 1.6 ሰከንድ ያህል እንዲሆን ፈንክሽኑን ደጋግሞ መጥራትና ድምሩን ለጥሪዎቹ ብዛት ማካፈል ይገባል።

ደረጃ 3፦ መላውን ፕሮግራም መለካት

ወደ እያንዳንዱ ፈንክሽን ከመውረድ በፊት ፕሮግራሙ በአጠቃላይ የሚሠራ ነው ወይስ የሚጠብቅ የሚለውን ይመልሱ። በሊነክስና በማክ ተርሚናል ላይ ፕሮግራሙን የሚያስነሱበትን ትእዛዝ ታይም በሚለው ቃል ይጀምሩት። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ሦስት ቁጥሮች ይታያሉ፦ ሪል (በአዳዲስ ማኮች ላይ ቶታል ይባላል) ያለፈው ጊዜ፣ ዩዘር የተጠቃሚ ጊዜ፣ ሲስ (በእነርሱ ላይ ሲስተም) የሲስተም ጊዜ ናቸው። በዊንዶውስ ላይ ተመሳሳዩን ለማግኘት በስክሪፕቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ፐርፍ ካውንተርንና ፕሮሰስ ታይምን አንብቦ ልዩነቱን ማተም ይበቃል።

የዩዘርና የሲስ ድምር ከሪል ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን ይዞ የሚሠራ ነው፤ የዚህ መመሪያ ቀሪ ክፍል በቀጥታ ያገለግልዎታል። ድምሩ ከሪል በጣም ካነሰ ፕሮግራሙ የሚጠብቅ ነው፤ የፕሮሰሰር ጊዜ መቁጠር ትርፉ ትንሽ ስለሚሆን ትኩረትዎን ወደ ዲስኩ፣ ወደ ዳታቤዙ ወይም ወደ ኔትወርኩ ያዙሩ። ድምሩ ከሪል የሚበልጥ ከሆነም አይደንግጡ፤ በርካታ ትሬዶች ወይም ፕሮሰሶች በተለያዩ የፕሮሰሰር ኮሮች ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የየአንዳንዳቸው ጊዜ ስለሚደመር ነው። ኖምፓይን የመሰለ የስሌት ላይብረሪ ትላልቅ ማትሪክሶችን ሲያባዛ እርስዎ አንድም ትሬድ ሳይከፍቱ በውስጡ በርካታ ትሬዶችን ሊያሰማራ ስለሚችል ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሲስ ለብቻው ከፍ ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ ከርነሉን አብዝቶ እየጠራ ነው፤ ፋይልን በአንድ ባይት እያነበቡ መሄድ የዚህ የተለመደ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ በፕሮፋይለር ተጠርጣሪዎችን ማግኘት

ፓይተን ሲፕሮፋይል የሚባል ፕሮፋይለር፣ ማለትም የየፈንክሽኑን ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ አብሮት ይመጣል። ከ2006ቱ ቅጂ 2.5 ጀምሮ ያለ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈና እያንዳንዱ ፈንክሽን ሲጠራና ሲመለስ እየመዘገበ የሚሄድ ነው። ፕሮፋይል የሚባል በፓይተን ብቻ የተጻፈ ታላቅ ወንድም አለው፤ እርሱ ግን ፕሮግራሙን በጣም ስለሚያዘገይ ለተለመደ ሥራ አይመረጥም።

ቀላሉ አጠቃቀም ፓይተንን በሰረዝ ኤም ምርጫ አስነስቶ ሲፕሮፋይልን መጥራት፣ በሰረዝ ኤስ ምርጫ የሚደረደርበትን ዓምድ ቶትታይም ብሎ መስጠት፣ በመጨረሻም የስክሪፕቱን ስም መጻፍ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ አለ፦ ሲፕሮፋይል ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የሚለካው ያለፈ ጊዜን እንጂ የፕሮሰሰር ጊዜን አይደለም። ስለዚህ በማሳያችን ውጤት_ላክ ሲጠብቅ የቆየው 3 ሰከንድ፣ ከሶኬቱ የሚያነበው የውስጥ ፈንክሽን ሥራ መስሎ በሰንጠረዡ አናት ላይ ይቀመጣል። ከተርሚናል ሲጠራ ሰዓቱን የሚቀይር ምርጫ የለውም፤ ስለዚህ የፕሮሰሰር ጊዜን የሚፈልግ ሰው ጥቂት መስመር ኮድ መጻፍ አለበት።

ኮዱም ይህን ይመስላል። ከሲፕሮፋይል ሞጁል ፕሮፋይል የተባለውን ክላስ ይጥሩና የመጀመሪያ ግቤት አድርገው ፕሮሰስ ታይምን ራሱን ይስጡት፤ ከስሙ በኋላ ቅንፍ አይክፈቱ፤ የሚሰጠው ፈንክሽኑ እንጂ የፈንክሽኑ ውጤት አይደለምና። ከቅጂ 3.8 ጀምሮ ይህ ነገር በዊዝ መግለጫ ሊከፈት ይችላል፤ በዊዝ ሥር የፕሮግራምዎን ዋና ፈንክሽን ይጥሩ። ከዊዝ ሲወጡ ደምፕ ስታትስን ከፋይል ስም ጋር ጠርተው ውጤቱን ያስቀምጡ። በፕሮሰስ ታይም ፈንታ በናኖ ሰከንድ ሙሉ ቁጥር የሚመልሰውን ፕሮሰስ ታይም ኤንኤስን መስጠት ከመረጡ፣ አንዱ አሃድ ስንት ሰከንድ እንደሆነ የሚናገር ሁለተኛ ግቤት ያስፈልጋል፤ እርሱም 0.000000001 ነው። ይህን ግቤት ከረሱት ሰንጠረዡ ናኖ ሰከንዶቹን ሰከንድ አስመስሎ ያትማቸዋል።

የተቀመጠውን ፋይል የሚከፍተው ፒስታትስ የተባለው ሞጁል ነው። ስታትስ የሚለውን ክላስ ከፋይሉ ስም ጋር ይጥሩ፤ በሶርት ስታትስ ይደርድሩት፤ በፕሪንት ስታትስ የመጀመሪያዎቹን 20 ረድፎች ያትሙ። በሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ ኤንኮልስ የጥሪዎችን ብዛት ያሳያል፤ ፈንክሽኑ ራሱን የሚጠራ ከሆነ ብዛቱ በእዝባር ተለይቶ በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ጠቅላላ ጥሪዎችን፣ ሁለተኛው ከውጭ የመጡትን ብቻ ይናገራል። ቶትታይም ፈንክሽኑ በራሱ አካል ውስጥ ያጠፋው ጊዜ ሲሆን፣ ኩምታይም እርሱ የጠራቸው ሌሎች ፈንክሽኖች የወሰዱትን ጨምሮ ያለው ድምር ነው።

እነዚህን ሁለት ዓምዶች ለይቶ ማንበብ የፕሮፋይለር ዋናው ጥበብ ነው። በኩምታይም ሲደረደር ዋናው ፈንክሽን ሁልጊዜ አናት ላይ ይወጣል፤ ሁሉም ሥራ በእርሱ ሥር ስለሚካሄድ ይህ ምንም አይነግረንም። ከላይ ወደታች እየተከተሉ ድምሩ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚወርድ ማየት ግን ጠቃሚ ነው። በቶትታይም ሲደረደር ደግሞ ፕሮሰሰሩ በእርግጥ የተቀመጠበት ቦታ ይወጣል። እኔ የምመክረው በቶትታይም ጀምሮ፣ ከፍ ያለው ፈንክሽን የማይነካ የላይብረሪ ኮድ ሆኖ ሲገኝ በፕሪንት ኮለርስ ማን አብዝቶ እንደጠራው መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ቀን_ተርጉም የዴትታይምን ስትርፕታይም በየመስመሩ የሚጠራ ከሆነ በቶትታይም አናት ላይ የሚታየው የላይብረሪው የውስጥ ፈንክሽን ነው፤ ሊቀየር የሚችለው ግን ጠሪው ነው። የቀኑ አጻጻፍ ዓለም አቀፉን የአይሶ ደንብ የሚከተል ከሆነ (ከቅጂ 3.11 በፊት ግን ሁሉም የደንቡ አጻጻፎች አይነበቡም) ስትርፕታይምን በፍሮምአይሶፎርማት መተካት ሥራውን በእጅጉ ያቀለዋል።

ፕሮፋይለሩ ራሱ ጊዜ እንደሚወስድ ግን መዘንጋት የለበትም። በእያንዳንዱ ጥሪና ምላሽ ላይ ሰዓት ስለሚያነብ፣ ትንሽ ሥራ እየሠሩ ብዙ ጊዜ የሚጠሩ ፈንክሽኖች ከእውነታው በላይ ከብደው ይታያሉ፤ ጥቂት ጊዜ ተጠርተው ረጅም ሉፕ የሚያስኬዱት ደግሞ ቀለው ይታያሉ። የፕሮሰሰር ጊዜን ሲመርጡ ይህ ይብሳል፤ በሊነክስ ላይ ፐርፍ ካውንተር ወደ ከርነል ሳይገባ ሊነበብ ሲችል፣ ፕሮሰስ ታይምን ለማንበብ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ከርነሉን መጥራት ግድ ነው። ከዚህ የተነሳ የፕሮፋይለሩን ቁጥር የምንጠቀምበት ተጠርጣሪን ለመያዝ ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው በሚቀጥለው ደረጃ፣ በቀጥታ ልኬት ነው።

ደረጃ 5፦ የተመረጠውን ፈንክሽን በዲኮሬተር መለካት

ሁለት ወይም ሦስት ተጠርጣሪዎች ከተያዙ በኋላ በእነርሱ ላይ ብቻ ጊዜ መዝጋቢ ዲኮሬተር፣ ማለትም ፈንክሽኑን ከውጭ ሸፍኖ የሚጠራ ሌላ ፈንክሽን፣ ይደረብባቸዋል። የዲኮሬተሩ አሠራር እንዲህ ነው፦ ፈንክሽኑን ከመጥራቱ በፊት ፕሮሰስ ታይም ኤንኤስን ያነባል፤ ፈንክሽኑን ይጠራል፤ ከዚያ እንደገና አንብቦ ልዩነቱን በአንድ ዲክሽነሪ ውስጥ በፈንክሽኑ ስም ሥር ካለው ድምር ላይ ይጨምራል፤ የጥሪ ቁጥሩንም በአንድ ያሳድጋል። ጥሪው በትራይ ውስጥ፣ ሁለተኛው ንባብ በፋይናሊ ውስጥ ይሁን፤ ያለበለዚያ ፈንክሽኑ ስህተት አንስቶ ሲወጣ የወሰደው ጊዜ ሳይመዘገብ ይቀራል። የፈንክቱልስ ሞጁል የሆነውን ራፕስንም ይጠቀሙ፤ የፈንክሽኑ ስምና ማብራሪያ በዲኮሬተሩ ስም እንዳይተካ ይጠብቃል። ድምሩን ፕሮግራሙ ሲያበቃ እንጂ በየጥሪው አያትሙ፤ ማተም ራሱ የፕሮሰሰር ጊዜ ይወስዳል፤ የአንዱ ፈንክሽን የኅትመት ወጪም በጠሪው ሒሳብ ላይ ይወድቃል።

ሙሉ ቁጥር የሚመልሰውን ኤንኤስ መምረጤ በከንቱ አይደለም። የነጥብ ቁጥር ትልቅ እየሆነ ሲሄድ ጥቃቅን ክፍሉን መያዝ ያቅተዋል፤ በሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት 104 ቀን ያህል ሲያልፈው የናኖ ሰከንድ ልዩነት መለየት ያቆማል። ለአጭር ስክሪፕት ይህ ምንም ባይሆንም ለወራት ሳያቋርጥ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ይታያል።

ዲኮሬተሩ በትክክል የማይለካቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነዚህ ብዙ ሰው ስለሚያሳስቱ በዝርዝር ማየቱ ይሻላል።

የመጀመሪያው ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ነው። እያንዳንዱ የውስጥ ጥሪ የራሱን ጊዜ ሲመዘግብ ውጫዊው ጥሪ ደግሞ ያንኑ ጊዜ በድጋሚ ስለሚመዘግበው፣ ድምሩ ከፕሮግራሙ ጠቅላላ የፕሮሰሰር ጊዜ በላይ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ለፈንክሽኑ የጥልቀት ቆጣሪ መያዝ ነው፤ ሲገባ በአንድ ይጨምራል፣ ሲወጣ በአንድ ይቀንሳል፤ ጊዜው የሚደመረው ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሲመለስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጄኔሬተር ነው። በውስጡ ዪልድ ያለበት ፈንክሽን ሲጠራ ሥራውን አይጀምርም፤ ለወደፊት የሚሠራ ነገር ፈጥሮ ወዲያው ይመለሳል። ስለዚህ ፋይል_አንብብ በጄኔሬተር መልክ የተጻፈ ከሆነ ዲኮሬተሩ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ መዝግቦ ይጨርሳል፤ እውነተኛው የማንበብ ሥራ ደግሞ በሉፕ በሚጠቀምበት ፈንክሽን ስም ይመዘገባል። ጄኔሬተርን ለመለካት ሙሉ በሙሉ የሚያስኬደውን፣ ለምሳሌ ውጤቱን ወደ ሊስት የሚቀይረውን፣ መስመር መክበብ ያስፈልጋል። በኤሲንክ የሚጀምሩ ፈንክሽኖችም ሲጠሩ እንዲሁ ወዲያው ይመለሳሉ። እነዚህንማ በአዌይት ዙሪያ መለካትም አያስተማምንም፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌሎቹ ተራ ይዘው ስለሚሠሩ የእነርሱ የፕሮሰሰር ጊዜ በዚህኛው ላይ ይቆጠራል። ሁነኛው ዘዴ ከአዌይት ነጻ የሆነውን የስሌት ክፍል ወደ ተራ ፈንክሽን አውጥቶ እርሱን መለካት ነው።

ሦስተኛው በርካታ ትሬዶች ያሉበት ፕሮግራም ነው። ፕሮሰስ ታይም የሁሉንም ትሬዶች ጊዜ ስለሚደምር፣ አንዱ ትሬድ በሚለካበት ቅጽበት ሌሎቹ የሠሩት ሁሉ ይጨመርበታል። እዚህ ትሬድ ታይም ኤንኤስን ይጠቀሙ፤ ዲክሽነሪውንም በሎክ (ትሬዶች በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት በሚከለክል መቆለፊያ) ይጠብቁት ወይም ለየትሬዱ ለየብቻ ይያዙት። ፈንክሽኑ ሥራውን ለላይብረሪ የውስጥ ትሬዶች የሚያከፋፍል ከሆነ ግን ትሬድ ታይም የእነርሱን ድካም አያይም፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ እንዳይኖር አድርጎ በፕሮሰስ ታይም መለካት ይሻላል።

የልጅ ፕሮሰሶች ጊዜ ደግሞ በሁለቱም ሰዓቶች ውስጥ የለም። መልቲፕሮሰሲንግን ወይም ሰብፕሮሰስን የሚጠቀም ፈንክሽን ሥራውን ሁሉ ለልጆቹ ሰጥቶ ራሱ ዜሮ ሊያስመዘግብ ይችላል። በሊነክስና በማክ ላይ ኦኤስ ከተባለው ሞጁል ታይምስን ሲጠሩ የልጆች የተጠቃሚና የሲስተም ጊዜ በየፊናቸው ይገኛሉ፤ የሚቆጠሩት ግን ሥራቸውን ጨርሰው ወላጁ መጨረሳቸውን የተቀበላቸው ልጆች ብቻ ናቸው። በዊንዶውስ ላይ እነዚህ ቦታዎች ዜሮ ስለሆኑ ልጁ ፕሮሰስ ራሱ ለክቶ ውጤቱን ለወላጁ እንዲመልስ ማድረግ ይገባል።

ደረጃ 6፦ ትንንሽ ፈንክሽኖችን በታይምኢት መለካት

አንዱ ጥሪው ማይክሮ ሰከንድ ብቻ የሚወስድ ፈንክሽን በዲኮሬተር ሲለካ ሰዓት የማንበቡ ወጪ ከሥራው ሊበልጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለው የተሠራው ታይምኢት ነው፤ ኮዱን በሉፕ ደጋግሞ አስኪዶ ሰዓቱን የሚያነበው በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ ነው። ይህም መሣሪያ ሳይነገረው የሚጠቀመው ፐርፍ ካውንተርን ስለሆነ፣ ከተርሚናል ሲጠሩት ሰረዝ ፒ የሚለውን ምርጫ ይጨምሩ፤ ያኔ ወደ ፕሮሰሰር ጊዜ ይዞራል። ከኮድ ውስጥ ሲጠሩት ደግሞ ታይመር ለሚለው ግቤት ፕሮሰስ ታይምን ይስጡ። ከመለካቱ በፊት መዘጋጀት ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የሙከራ ፋይሉን ወደ ሜሞሪ ማምጣት፣ በሰረዝ ኤስ በኩል ይሰጣል፤ አይቆጠርም።

ታይምኢት በሚለካበት ጊዜ የሜሞሪ ቆሻሻ ሰብሳቢውን ያጠፋዋል። ይህ ውጤቱን ያረጋጋዋል፤ ነገር ግን ፈንክሽኑ በጣም ብዙ ትንንሽ ነገሮችን የሚፈጥር ከሆነ የሰብሳቢው ድካም የእውነተኛው ዋጋ አካል ስለሆነ፣ በዝግጅት ኮዱ ውስጥ ጂሲ የተባለውን ሞጁል አስገብተው መልሰው ያብሩት።

ልኬቱን ብዙ ጊዜ ደጋግመው ከውጤቶቹ ትንሹን ይያዙ። ፈንክሽኑን ከሚችለው በላይ የሚያፈጥነው ነገር የለም፤ የሚያዘገዩት ግን ብዙ ናቸው፤ አማካዩ እነዚህን ሁሉ ደምሮ ያመጣል። የፕሮሰሰር ጊዜም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። የሌሎች ፕሮግራሞች ተራ ባይቆጠርበትም፣ ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ወይም ኃይል ሲቆጥብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም የፕሮሰሰሩን ፈጣን ሜሞሪ ይሻሙታል፤ ያኔ ያው ሥራ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ላይ ሰክተው ይለኩ። ስትሪንግን ሴት በሚባለው የፓይተን ስብስብ አባልነት ወይም በዲክሽነሪ ቁልፍነት የሚጠቀም ፕሮግራም ደግሞ በየተነሳ ቁጥር የሃሽ ስሌቱ በዘፈቀደ ስለሚለዋወጥ ጥቂት የጊዜ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፤ ፓይተንሃሽሲድ የተባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የአካባቢ ተለዋዋጭ 0 በማድረግ ይህን ማስቆም ይቻላል።

በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሲሆን

ማቆም ወይም ኮዱን መቀየር የማይቻልበት ሰርቨር ላይ ከላይ ያሉት ዘዴዎች አይመቹም። እዚያ የሚያስፈልገው ናሙና ወሳጅ ፕሮፋይለር ነው። ፓይስፓይ የሚባለው በረስት ቋንቋ የተጻፈ መሣሪያ የፕሮሰሱ ቁጥር ሲሰጠው ከውጭ ሆኖ ሜሞሪውን እያነበበ በሰከንድ 100 ጊዜ የትኛው ፈንክሽን በሥራ ላይ እንደነበር ይመዘግባል። ሥራ ፈተው የሚጠብቁ ትሬዶችን በራሱ ስለሚተዋቸው ውጤቱ ለፕሮሰሰር ጊዜ የቀረበ ነው፤ የተጠበቀውንም ለማየት ሲፈለግ አይድል የሚል ምርጫ አለው። ጥሪ በመጣ ቁጥር ስለማይመዘግብ ትንንሽ ፈንክሽኖችን አያገዝፍም። በምትኩ የጥሪዎችን ብዛት ሊናገር አይችልም፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ፈንክሽንም ሊያመልጠው ይችላል።

በሌሎች የስክሪፕት ቋንቋዎች የሚሠራ አንባቢም ተመሳሳዩን መንገድ መከተል ይችላል፤ የሚለየው የሰዓቱ ስም ነው። በፒኤችፒ ማይክሮታይም ያለፈ ጊዜን ሲሰጥ የፕሮሰሰር ጊዜ የሚገኘው በጌትአርዩሴጅ ነው። በፐርል ታይምስ፣ በሉአ የኦኤስ ክሎክ፣ በኖድ የፕሮሰስ ሲፒዩዩሴጅ ለዚሁ ያገለግላሉ።

ደረጃ 7፦ ማሻሻልና እንደገና መለካት

ከማሻሻልዎ በፊት ትርፉን ያስሉ። አንድ ፈንክሽን የጠቅላላውን የፕሮሰሰር ጊዜ 20 በመቶ የሚወስድ ከሆነ፣ ጨርሶ ወደ ዜሮ ቢወርድ እንኳ ፕሮግራሙ የሚፈጥነው 1.25 ጊዜ ብቻ ነው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያቀረበው ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነው፤ የማይሻሻለው ክፍል የጣሪያውን ከፍታ ይወስናል። 80 በመቶ የሚወስደውን በግማሽ መቀነስ፣ 20 በመቶ የሚወስደውን ከማጥፋት የተሻለ ነው።

በማሳያችን ድግግሞሽ_ለይ አዲስ መስመር በመጣ ቁጥር ቀድሞ የታዩት መስመሮች ካሉበት ሊስት ውስጥ የሚፈልግ ነው እንበል። 50,000 የማይመሳሰሉ መስመሮች ቢኖሩ ንጽጽሩ 1.25 ቢሊዮን ገደማ ይደርሳል። ሊስቱ በሴት ቢተካ እያንዳንዱ ፍለጋ በአማካይ ከመስመሮቹ ብዛት ጋር ስለማያድግ፣ ሥራው ወደ 50,000 ፍለጋ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ለውጥ በየትኛውም ሰዓት ይታያል፤ ጥቂት ከመቶ ብቻ የሚያሻሽሉ ለውጦች ሲሆኑ ግን የበፊቱንና የኋላውን ልኬት በየተራ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ የፓይተን ቅጂና በአንድ የሙከራ ፋይል ላይ እያፈራረቁ ማካሄድ ያስፈልጋል። የሁለቱ ትንሹ ውጤቶች ልዩነት፣ አንዱ ቅጂ ብቻውን ሲደጋገም ከሚያሳየው መዋዠቅ ያነሰ ከሆነ፣ ለውጡ እንደሌለ ይቆጠር፤ ለማንበብ የሚቀለውንም ኮድ ያስቀሩ።

ተጠርጣሪው ከወረደ በኋላ ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው መላውን ፕሮግራም እንደገና ይለኩ፤ የዩዘርና የሲስ ድምር አሁን ከሪል ብዙ አንሶ ከተገኘ፣ የቀረው ጥበቃ ስለሆነ ዲኮሬተሮቹን አንስተው ወደ ውጤት_ላክ ይለፉ። በየልኬቱ የተገኘውን ቁጥር ከፓይተን ቅጂው፣ ከሙከራ ፋይሉ መጠንና ከተጠቀሙበት ሰዓት ስም ጋር በኮዱ ማከማቻ ውስጥ በአንድ ፋይል ይመዝግቡ፤ ሰዓቱ ያልተጠቀሰበት ቁጥር ከወራት በኋላ ከአዲስ ልኬት ጋር ሊነጻጸር አይችልም።